«ቤት ውስጥ ምን ይጠጣሉ?» ብላ የጠየቀችኝ ሐኪም፦ ቱሉ ዲምቱ ስላለች አንዲት ክሊኒክ

ክሊኒኳ ያለችው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ነው። ፎቅ ላይ ናት። ከሥሯ የቆርቆሮና የብረት መሸጫ አለ። ቆርቆሮ ሲወርድ ድምፁ ምርመራ ክፍል ድረስ ይሰማል። ስሟን የማልጠራው ማስታወቂያ እንዳይመስልብኝ ነው። ከባለቤቶቹ ጋር ምንም ዝምድና የለኝም። ለአንድ ዓመት ከሁለት ወር ከፍዬ ታክሜባታለሁ፤ በቃ። የምጽፈው ሌላ ቦታ ያላገኘሁትን አንድ ነገር ስላገኘሁባት ነው።

እኔ ሹፌር ነኝ። ሚኒባስ ነው የምነዳው፣ ከቱሉ ዲምቱ ሳሪስ። ዕድሜዬ 43 ነው። በሽታዬ አልሰሬቲቭ ኮላይተስ ይባላል። ትልቁ አንጀት ከውስጥ ይቆስላል፣ ይደማል። ታክመህ የምትገላገለው አይደለም፤ ይተኛል፣ ይነሳል። ሲነሳብኝ በቀን 10 ጊዜ፣ 12 ጊዜ ያስሮጠኛል። ይህ ለሹፌር ምን ማለት እንደሆነ ሹፌር ያውቀዋል። ሰው ሞልተህ ቃሊቲ ላይ መንገድ ተዘጋግቶ ሆድህን ሲቆርጥህ መሪውን ለማን ትተህ ትወርዳለህ? በዚያ መስመር ላይ የትኛው ማደያ መጸዳጃ ቤቱን እንደሚከፍት፣ የትኛው ካፌ ሳታዝዝ እንደሚያስገባ በቃሌ አውቃለሁ።

ከ2010 እስከ 2013 ዓ.ም. የሚሰጠኝ ስም «አሜባ» ነበር። የሰገራ ምርመራ፣ ሜትሮኒዳዞል፣ ሁለት ሳምንት እፎይታ፣ እንደገና ደም። ከ71 ኪሎ ወደ 58 ወረድኩ። በ2014 አንድ ትልቅ ሆስፒታል ኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም ትልቁን አንጀት በካሜራ የሚያይ ምርመራ፣ ታዘዘልኝ። ናሙና ተወሰደ፣ የአንጀት ቲቢ እንዳልሆነ ታየ፣ ያን ጊዜ ነው ትክክለኛው ስም የተነገረኝ። ለዚህ ሆስፒታሉን አመሰግናለሁ። ነገር ግን እዚያው የሆነውን ካልነገርኳችሁ ስለ ክሊኒኳ የምጽፈው አይገባችሁም።

በሁለተኛው ቀጠሮዬ ሐኪሙ «ሌላ የምትወስደው ነገር አለ?» አለኝ። እኔም እውነቱን ተናገርኩ። እናቴ ኮሶ እንደምታጠጣኝ፣ እንጦጦ ማርያም 14 ቀን ፀበል እንደገባሁ፣ አንድ የባህል ሐኪም ዱቄት እንደሰጠኝ። ሐኪሙ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አጠገቡ አራት ተማሪዎች ቆመዋል። «ታዲያ እኔ ጋ ምን ልትሠራ መጣህ? እዚያው አትታከምም?» አለኝ። ተማሪዎቹ መሬት መሬት አዩ። እኔም እንደዚያው። ከዚያ ቀን በኋላ ለሐኪም አፌን አልከፈትኩም።

ዝም ማለቴ ምን እንዳስከፈለኝ ልንገራችሁ። ፕሬድኒሶሎን የሚባል የአንጀቱን ቁስለት የሚያበርድ ስቴሮይድ ታዞልኝ ነበር፣ በቀን 40 ሚሊግራም። ባለ 5ቱ ክኒን ነበርና ስምንት ፍሬ እውጣለሁ። በሦስተኛው ሳምንት የባህል ሐኪሙ «ከፈረንጅ መድኃኒት ጋር አይሄድም፣ አንዱን ምረጥ» አለኝ። ክኒኑን በአንድ ቀን አቆምኩት። በአምስተኛው ቀን ከአልጋ ስነሳ ዓይኔ ጨለመ፣ ወደቅኩ። ፕሬድኒሶሎን በአንዴ እንደማይቆም፣ ሰውነት የራሱን ተመሳሳይ ሆርሞን ማምረት ስለሚያቆም ቀስ እየተባለ እንደሚቀነስ የሰማሁት በኋላ ነው። ሆስፒታል ስመለስ «መድኃኒቱን እየወሰድክ ነው?» ተባልኩ። «አዎ» አልኩ። ሐኪሙም አመነኝ። መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ሌላ ከበድ ያለ ጨመረልኝ፣ አዛታዮፕሪን። እኔ ያንን ከዱቄቱ ጋር ወሰድኩት። ከሁለት ወር በኋላ የጉበቴ ምርመራ ከፍ ብሎ ተገኘ። አዛታዮፕሪኑ ይሁን ዱቄቱ፣ ማን ይለየው? ዱቄቱ መኖሩን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። አዛታዮፕሪኑ እንዲቆም ተደረገ፤ ዱቄቱ ቤቴ ቀረ።

በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለሁ ነው ባለቤቴ «እዚሁ ሰፈራችን ቅዳሜ ቅዳሜ የአንጀት ስፔሻሊስት ትመጣለች» ያለችኝ። ካርዱ 600 ብር ነው። አመንትቼ ነው የሄድኩት። የቀን ገቢ ለባለመኪናው ማስገባት አለብኝ፣ ቅዳሜ ደግሞ ሥራ አለ።

ዶክተሯ በዕድሜ ከእኔ ታንሳለች። ያመጣሁትን ወረቀት ሁሉ አንድ በአንድ አነበበች። ይሄ ብቻውን ወደ አሥር ደቂቃ ወሰደ። ከዚያ ወረቀቱን ወደ ጎን አድርጋ ቀና አለች።

«ከእኔ በፊት ምን ምን ሞከሩ?»

«መድኃኒት ነው?»

«ሁሉንም። ፀበል፣ ኮሶ፣ ቅጠል፣ ሥር፣ ጎረቤት የነገረዎትን፣ ቤት ውስጥ አፍልተው የሚሰጡዎትን። ምን ይጠጣሉ? የአንጀት በሽታ ይዞት ሐኪም ጋ ብቻ የሄደ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።»

ይቺ የመጨረሻዋ ንግግር ናት የፈታችኝ። ያ ሆስፒታል ያለው ሐኪምም ጠይቆኛል እኮ። የእሱ ጥያቄ ግን «የለም» እንድል የሚፈልግ ይመስል ነበር። የእሷ ጥያቄ እንዳለ አውቆ የመጣ ነው። እንደዚያም ሆኖ ዝም አልኩ። እሷም ዝም ብላ ጠበቀችኝ። ከታች ቆርቆሮ እየወረደ ነበር። ከዚያ ተናገርኩ። ፕሬድኒሶሎኑን ማቆሜን፣ መዋሸቴን፣ ዱቄቱን፣ ሁሉንም።

አልተቆጣችም። ወረቀት አውጥታ በእስክሪብቶ መስመር አሰመረች። የነገሩ ስም፣ መጠኑ፣ በሳምንት ስንት ጊዜ፣ ከወሰድኩት በኋላ ምን እንደተሰማኝ። አንድ በአንድ ሞላችው። «ያሳፍራል ዶክተር፣ ዋሽቻለሁ» ስላት ይሄ የእኔ ብቻ እንዳልሆነ ነገረችኝ። አሜሪካ ውስጥ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1993 በታተመ አንድ ጥናት ከሦስት ሰው አንዱ ከመደበኛው ሕክምና ውጭ የሆነ ነገር ይጠቀም ነበር፤ ከእነዚያም ከ100ው 72ቱ ለሐኪማቸው አልተናገሩም አለችኝ። «ጥፋቱ የታማሚው ብቻ አይደለም። እኛም አንጠይቅም፣ ስንጠይቅም አናስወራም» አለች። ሐኪም እንዲህ ሲል ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ ወደ ዝርዝሩ ገባን። ሁሉንም በአንድ ላይ «ተው» ብትለኝ ኖሮ ልክ እንደ ድሮዬ እሺ ብዬ ወጥቼ ቤቴ እቀጥል ነበር። እሷ ግን እያንዳንዱን ለብቻው ነው ያየችው።

ኮሶን ከለከለችኝ፤ ምክንያቱን ግን ነገረችኝ። ኮሶ ለኮሶ ትል ነው። የእኔ ሰገራ ውስጥ ኮሶ ታይቶ አያውቅም። ኃይለኛ የሚያስቀምጥ ነገር ነው፤ በቆሰለ አንጀት ላይ ሲሄድ ቁስሉን ነው የሚያባብሰው። መጠኑ ሲበዛ ደግሞ ዓይን የተጎዳባቸው ሰዎች በሕክምና ጽሑፍ ተመዝግበዋል አለችኝ። ሹፌር ነኝና ዓይን ስትል ወዲያው ገባኝ።

ስለ እሬት ያስረዳችኝን አልረሳውም። እናቴ የእሬቱን ቅጠል ቆርጣ የሚወርደውን ትሰጠኝ ነበር። ዶክተሯ ቅጠሉን ወረቀት ላይ ሣለችልኝ። ከቆዳው ሥር የሚወርደው ቢጫና መራራ ፈሳሽ የሚያስቀምጠው ነው። መሐሉ ላይ ያለው ጥርት ያለ ዝልግልግ ሌላ ነገር ነው። ፈረንጆቹ ለአንጀት የሞከሩት ዝልግልጉን ነው፣ እርስዎ የሚጠጡት ቢጫውን ነው አለችኝ። ስንት ወር ያስሮጠኝ በሽታው ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

እርድ ላይ ደግሞ ያልጠበቅኩትን ሰማሁ። ባለቤቴ እርድ በወተት ታፈላልኝ ነበር፤ ይሄም የሚከለከል መስሎኝ ነበር። ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ጥናት አለ አለች። በሽታቸው የተኛላቸው የእኔው ዓይነት ታማሚዎች ናቸው። ሁሉም መደበኛ መድኃኒታቸውን ይወስዳሉ። ግማሾቹ በዚያ ላይ እርድ ውስጥ ያለውን ኩርኩሚን በቀን 2 ግራም ለ6 ወር ወሰዱ፣ የቀሩት ባዶ ክኒን። ኩርኩሚን ከወሰዱት 43 ሰዎች በሽታው የተነሳባቸው 2 ናቸው፣ ከሌሎቹ 39 ሰዎች ግን 8። ይሄን ነግራኝ አላቆመችም። «ልብ ይበሉ፣ መድኃኒታቸውን አልተዉም። ደግሞ በአንድ ማንኪያ እርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን በጣም ትንሽ ነው። ወተቱ ካልተስማማዎት ወተቱን ይተዉት፤ እርዱ በምግብ ውስጥ ይቀጥል፣ አይጎዳዎትም» አለችኝ። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስነግራት ደስታዋን ብታዩ። ስንት ጊዜ ሌሊት ተነስታ ያፈላችልኝ ሰው ናት።

ፀበሉን አልነካችብኝም። ስንት ሊትር እንደምጠጣ ግን ጠየቀችኝ። እስክታወክ ድረስ ነበር የምጠጣው፤ ብዙ ጠጥቶ ማስመለስ ልማድ ነው። በሽታው ሲነሳ ሰውነቴ ውሃና ጨው እያጣ እንደሆነ፣ በዚያ ላይ ሲያስመልሰኝ ለኩላሊቴም እንደምትፈራ ነገረችኝ። «ይጠመቁ። ሲጠጡ በልክ ይጠጡ። ክኒኑንም በፀበሉ ይዋጡት» አለችኝ። የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በኤችአይቪ መድኃኒት ጊዜ ፀበሉና መድኃኒቱ አይጣሉም ብለው ማስተማራቸውን አስታወሰችኝ። እኔም ያን ጊዜ ሲነገር ትዝ ይለኛል። ለራሴ በሽታ ግን አስቤው አላውቅም ነበር።

የባህል ሐኪሙን ዱቄት በሚቀጥለው ቅዳሜ ይዤላት ሄድኩ። በፕላስቲክ ነው፣ አረንጓዴ ቡናማ ነገር። አየችው፣ አሸተተችው። «ውስጡ ምን እንዳለ አላውቅም። ሰጪውም ካልነገረዎት የሚያውቅ የለም። ስለማላውቀው ደግሞ ጥሩም መጥፎም ልልዎት አልችልም። ጉበትዎን ግን መመርመር እችላለሁ» አለችኝ። ዱቄቱን ለስድስት ሳምንት እንዳቆም ተስማማን፤ ከዚያ እንደገና ደም ሰጠሁ። የጉበቱ ቁጥር ወርዶ ነበር። ዱቄቱን ከዚያ ወዲህ አልነካሁትም። «አላውቅም» ያለኝን ሰው ከዚያ በፊት በዚህ በሽታ ዙሪያ አላገኘሁም። ሁሉም ያውቃል።

አንድ ነገር ደግሞ እኔ ራሴ ሳልቆጥረው የቀረ ነበር። ወገቤን ሲያመኝ ሰፈር የምወጋው መርፌ። ሹፌር ሆኖ ወገቡን የማያመው የለም። «ዲክሎፌናክ ነው?» አለች። ነበር። እሱና መሰሎቹ የአንጀቱን ቁስል ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። ስለ ቅጠላ ቅጠል ስንጨቃጨቅ የኖርን፣ ስለዚህ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

በሦስተኛው ቀጠሮ እናቴን ይዤ ሄድኩ። ዶክተሯ ናት «የሚያፈሉት እሳቸው ከሆኑ ከእሳቸው ጋ ነው መነጋገር ያለብኝ» ያለችው። እናቴ 70 አልፏታል። ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች። ፈርታ ነበር።

«ልጄ፣ እኔ ልጄን ልጎዳው ብዬ ነው ወይ?» አለቻት፣ ገና ሳትጠየቅ።

ዶክተሯ ወንበሯን ወደ እሷ አስጠጋች። «እማዬ፣ እርስዎማ እሱን ለማዳን ያልሞከሩት የለም። ስንት ዓመት ነው ያስታመሙት? እኔ ያወቅኩት ትናንት ነው። አሁን አንድ ላይ እናስታመው። ኮሶውን ለምን እንደተውነው ልንገርዎት?»

ነገረቻት። እናቴ ሰማች። ከዚያ የራሷን ጥያቄ ጠየቀች፦ ተልባስ? አብሽስ? ነጭ ሽንኩርት በማርስ? ዶክተሯ ለሁሉም መለሰች። ተልባው በሽታው እስኪተኛ ይቆይ፣ ማሩ ችግር የለውም፣ ነጭ ሽንኩርቱ ሆዱን ካልነፋው በምግብ ውስጥ ይብላ። ስንወጣ እናቴ ደረጃው ላይ ቆማ አለቀሰች። የልጇ መድኃኒት የት እንዳለ ስታስብ የኖረች ሴት ናት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሐኪም አማከራት።

መድኃኒቱን በተመለከተ፦ «ለዚሁ በሽታ የሚሰጠውን ሜሳላሚን ልጽፍልዎት እችላለሁ፤ ግን ውድ ነው፣ በየጊዜውም ይጠፋል። በየወሩ ስንት ብር ማውጣት ይችላሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። በእሱ ፋንታ ረከስ ያለውን ሰልፋሳላዚን ጻፈችልኝ፣ ከፎሊክ አሲድ ጋር። ሽንቴ ብርቱካናማ ሊሆን እንደሚችል አስቀድማ ነግራኛለች፤ ሆነም፣ አልደነገጥኩም። ስምንተኛ ዓመት ላይ ደግሞ በዚህ በሽታ የቆየ ሰው ለካንሰር ክትትል ኮሎኖስኮፒ እንደሚያስፈልገው ካርዴ ላይ በቀይ ጽፋልኛለች። አሁን 64 ኪሎ ነኝ። ደም ካየሁ አምስት ወር አለፈኝ።

አሁን ስለ ጉድለቷ። ክሊኒኳን ስለወደድኳት አልደብቅም።

መጸዳጃ ቤቱ አንድ ነው። የአንጀት ታማሚ የሚጠብቅበት ቦታ ላይ አንድ! ከላቦራቶሪው ጀርባ ነው፣ መቀርቀሪያው ይላላል፣ ውሃው ብዙ ጊዜ በበርሜል ነው። ወረፋ ይዘን የምንጠብቅ ሰዎች ሁላችንም የምንፈልገው እሱን ነው። ሁለት ሴቶች አጠገቤ ተቀምጠው በጭንቀት ሲያልባቸው አይቻለሁ። ለካርድ ክፍሏ ልጅ ሦስት ጊዜ ተናግሬያለሁ። «እናስተካክላለን» ትላለች። በዓመት ከሁለት ወር ውስጥ የተስተካከለው መቀርቀሪያው ብቻ ነው። እባካችሁ ሁለተኛ መጸዳጃ ቤት ሥሩ። ስለዚህ ነገር አጥብቄ የምጽፈው ያልታመመ ሰው ቀላል ስለሚመስለው ነው።

የምርመራ ክፍሉ በር በደንብ አይገጥምም። ውስጥ የሚወራው ኮሪደሩ ላይ ይሰማል። ዶክተሯ እንዲህ ሰው አስወርታ፣ የተወራው ግን ለሁሉም ከተሰማ ምን ዋጋ አለው? እኔ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የማወራው። መድኃኒት ቤታቸውም እንዲሁ፤ ልጁ «የሰገራ ደሙ ቆመ ወይ?» ብሎ በመስኮት ጮክ ብሎ ጠይቆኛል። በቅንነት ነው፣ ግን ይታሰብበት።

ወረፋው ረጅም ነው። ለ3 ሰዓት ተቀጥሬ 6 ሰዓት የገባሁበት ቀን አለ። ምክንያቱን አውቀዋለሁ፤ ለእኔ 40 ደቂቃ የሰጠች ሐኪም ለሌላውም ትሰጣለች። ቢሆንም ቀጠሮውን ሲይዙ ያንን አስበው ይያዙ። የቀን ሠራተኛ ግማሽ ቀን መቆም አይችልም። ስፔሻሊስቷ ያለችውም ቅዳሜ፣ እንዲሁም ረቡዕ ከ11 ሰዓት በኋላ ብቻ ነው። ኮሎኖስኮፒ እዚያ የለም፣ ወደ መሃል ከተማ ነው የሚልኩት። ሌሊት ደም በብዛት ከፈሰሳችሁ ወይም ትኩሳትና የሆድ መነፋት ከመጣ ቀጥታ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፤ ይቺ ክሊኒክ ለዚያ አይደለችም።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ቅዳሜ ጠዋት ከ2 ሰዓት በፊት ካርድ አውጡ። የድሮ ምርመራችሁን ሁሉ ያዙ። የምትጠጡትንም በፌስታል አድርጋችሁ ውሰዱላት፣ ቅጠሉንም፣ ዱቄቱንም፣ ከሰፈር የተገዛውንም ክኒን። ቤት ውስጥ የሚያፈላላችሁ ሰው ካለ እሱንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ወንበር አለ።